ያልደረሰኝ ዙርባና ያልተጻፈልኝ እገዳ

ጅቡቲ፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ይርዳው
የዜጎችና የጭነት ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ታግጄ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነገረኝ በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም ሐምሲን የሚባለው ነፋስ ፊታችንን በሚለበልብበት በዚህ ወር ያለ ዕረፍት የሚደክመውን የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ሆዳን ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ፣ መብራት ሲመጣ በቬንትሌተር፣ ሲጠፋ በካርቶን እያራገብኩ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ደኅና ያልሆነ ሌላ ሰው ነው፤ ወደ እርሱም በቅደም ተከተል እደርሳለሁ።

እርስዎ እንደሚያውቁኝ አልጠራጠርም። ሆኖም ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና የማያውቁኝም ስለሚያነቡት ራሴን ላስተዋውቅ ይፍቀዱልኝ። አበሩ ዋለልኝ እባላለሁ። በጽሕፈት ቤታችን የዜጎች መስኮት ተቀምጬ፣ ፓስፖርቱ ለጠፋበት፣ አሠሪዋ ቀምታ ላስቀረችባት፣ ወደ የመን ሊሻገር ወጥቶ ባሕሩን ሲያይ ልቡ ለከዳው ወገኔ ሁሉ አገር መግቢያ ወረቀት፣ ሁላችንም ሊሴ ፓሴ የምንለውን፣ ሞልቼ እፈርማለሁ። ዛሬም እፈርማለሁ ልበል ወይስ ድሮ እፈርም ነበር ልበል የሚለውን እርስዎ ብቻ ስለሚያውቁት ለእርስዎ እተወዋለሁ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ግን፣ አንዱን ከአንዱ መለየት ስላቃተኝ፣ አቀላቅዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። በእርስዎ ዘመን በጽሕፈት ቤታችን አንድም ሠራተኛ ታግዶ አያውቅም፤ ለዚህ ንጹሕ ታሪክ ምስጋና ይገባዎታል። ለዋናው መሥሪያ ቤት በሚላከው ሪፖርት «የታገደ ሠራተኛ» በሚለው ቦታ ሁልጊዜ «የለም» ተብሎ ይሞላል፣ እውነትም ነው፤ የሚታገድ የለም፣ የሚያርፍ ብቻ ነው ያለው። አስተራረፉንም ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ሐሙስ የሳምንቱ ሥራ ያልቃል። ቀትር ላይ ጫቱ ከድሬዳዋ ሲገባ ሾፌርዎ ቸሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣውን በየጠረጴዛው እየዞረ፣ «ከኃላፊው ነው» እያለ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ዙርባ ያስቀምጣል። ዙርባ የደረሰው ሰው ከሰዓት በኋላ ሀራሙስ ወዳለው ቤትዎ ይመጣል፣ መብረዝ በምንለው የመቃሚያ ክፍልዎ ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል፣ የሳምንቱ ጉዳይም ሁሉ እዚያው ይወሰናል። ዙርባ ያልደረሰው ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ አይጠይቅም። ቦርሳውን አንሥቶ ይወጣል፣ እሑድ ጠዋት ሥራ ሲገባ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ የት ሄደ ያለ ሰው ካለም «ዕረፍት ላይ ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሣ የለም።

አሠራሩ ከወረቀትም ከቀለምም ያድናል። ቃለ ጉባኤ አያስፈልገውም፣ ፊርማ አያስፈልገውም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት እንኳ አያስፈልገውም። ሌላ አገር ያሉ ኃላፊዎች አንድን ሰው ከሥራ ለማገድ ምክንያት ሲፈልጉ ይደክማሉ፤ እርስዎ ግን አንድ እስር ቅጠል በማስቀረት ብቻ ከነምክንያቱ ይገላገላሉ። ይህን የመሰለ ቁጠባ በየትኛውም ሥልጠና ላይ አልሰማሁም።

ሁለተኛ። በዚህ በሚያስደንቅ አሠራር ውስጥ አንድ እንከን ተገኝቷል፤ እንከኗም እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት እኔ ጫት አልቅምም፤ ጨጓራዬ አይችልም። ለዓመታት በየሐሙሱ የደረሰኝን ዙርባ ስወጣ በር ላይ ለዘበኛችን ለዓብዱረዛቅ እሰጠው ነበር፣ እርሱም በሶማሊኛ መርቆ ይሸኘኛል። ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ቸሩ ጠረጴዛዬን ዘሎ ሲያልፍ እኔ ለአንዲት እናት ፎርም እየሞላሁ ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁም። እሑድ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ከሆዳን ሚኒባስ ይዤ ሥራ ገባሁ፣ መስኮቴን ከፈትኩ፣ ሳምንቱን ሙሉም ሠራሁ። በጽሕፈት ቤታችን ታሪክ ታግዳ እያለች መታገዷን ሳታውቅ የሠራች የመጀመሪያዋ ሠራተኛ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ነገሩ እንግዳ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች ነበሩ፤ ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ። ሻይ ለመጠጣት ስቀመጥ አብሮኝ የሚቀመጥ ጠፋ። ኮሪደር ላይ ሳልፍ ወሬው ይቋረጥ ነበር። አንዷ ባልደረባዬ ተቀብሬ የተነሣሁ ይመስል እጄን ስጨብጣት እጇን ወዲያው በቀሚሷ ጠረገች። ዓብዱረዛቅ ደግሞ በር ሲከፍትልኝ ፊቱን ያዞርብኝ ነበር፤ ኋላ እንደነገረኝ የሐሙሱን ዙርባ ለሌላ ሰው የሰጠሁበት መስሎት ተቀይሞኝ ኖሯል። ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡር ሆይ፤ መታገዴ ከማንም በፊት የተሰማው ሰው ዘበኛው ነው፣ እርሱም እገዳ መሆኑን አላወቀም።

ሦስተኛ። በዚያው ሳምንት መስኮቴ ላይ አቶ ጎሳዬ መጣ።

አቶ ጎሳዬን እርስዎ ረስተውት ይሆናል፤ ወንበሩ ግን እስካሁን ከመስኮቱ አጠገብ አለ፣ ማንም አይቀመጥበትም። የጭነት ክፍላችን ሠራተኛ ነበር። ያላየውን ጭነት አይቻለሁ ብሎ እንዲፈርም ተጠይቆ «ሄጄ ልየውና ልፈርም» አለ፤ ሌላ የተናገረው ነገር የለም። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዙርባው ቀረበት። እርሱ የሚቅም ሰው ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ እስክርቢቶውን ኪሱ ከተተ፣ ለሁላችንም እጅ ነሥቶ ወጣ። እኛም እጅ ነሣን። ምን አጥፍቷል የሚል ክስ አልተጻፈበትም፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አልጠራውም፣ መልስ ስጥ ያለው የለም። አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት ሊልለት ቢሄድ «የታገደበትን ደብዳቤ አምጣ» ተባለ፤ ከየት ያምጣው? ላልተጻፈ ነገር ይግባኝ የሚቀበል መዝገብ ቤት የለም።

ፓስፖርቱ ደግሞ እንደ ሁላችንም ፓስፖርት፣ ለደኅንነቱ ሲባል፣ በእርስዎ ቢሮ ባለው ብረት ካቢኔት ተቆልፎበታል። የመኖሪያ ካርዱን የሚያሳድስለት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ዕረፍት ላይ ላለ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም። ካርዱ ሞተ። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ሰው ከሆዳን ቤቱ ወጥቶ ባልባላ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ገባ፣ ፖሊስ ራፍል፣ ማለት ወረቀት የሌለውን ሊያፍስ፣ ወጥቷል በተባለ ቁጥርም ወረቀት እንደሌለው የጎረቤት ልጅ ሁሉ በሩን ቀርቅሮ ይቀመጥ ጀመር። የስኳር ሕመምተኛ እንደሆነ የማያውቅ ባልደረባ የለም፤ የሚወጋውን መድኃኒት ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮው ማቀዝቀዣ ሲያወጣ ስናየው ኖረናል። ባልባላ ባለችው ክፍሉ ማቀዝቀዣ የለም።

ያን ቀን ወደ የመን መሻገሪያ ከሆነችው ከኦቦክ ከተመለሱት ልጆች ጋር ተሰልፎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ መስኮቴ ጋ ደረሰ። ቀና ስል ፊቱን አየሁት። «ዜጋ ነኝ፣ ወረቀት የለኝም፣ አገሬ መግባት እፈልጋለሁ» አለኝ፤ ማንም እንደሚለው፣ ምንም ሳይጨምር። እኔም ማንንም እንደምጠይቀው ጠየቅሁት፤ ደንቡ ነውና «የሚያውቅህ ሰው አለ?» አልኩት። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው ወደ ኋላው ዞሮ ከሰልፉ ውስጥ የአገሩን ልጅ ይፈልጋል። እርሱ ግን ከእኔ ትከሻ በላይ ወደ ቢሮው ውስጥ ተመለከተ። ከኋላዬ አብረውት ዓመታት የሠሩ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ነበር፣ አንዱም ቀና አላለም። ስለዚህ በምስክር ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ በፈራሚም ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ማኅተሙን መታሁ፣ ሰጠሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወደ ድሬዳዋ በምትሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ። ባለቤቱ ወይዘሮ ወርቅነሽ ድሬዳዋ ሆና ልትቀበለው ትጠብቅ ነበር። መንገድ ላይ ባለው ኬላ የጅቡቲ ፖሊሶች ወረቀቱን አይተው ለማጣራት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ደወሉ፤ የተሰጣቸውም መልስ ወረቀቱን የፈረመችው ሠራተኛ የታገደች ስለሆነች ፊርማዋ እንደማይጸና የሚገልጽ ነበር። ስልኩን ማን አነሣ ብዬ አልጠይቅም። በጽሕፈት ቤታችን ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በዚህም ሁላችንም ስንኮራ ኖረናል። አቶ ጎሳዬ ከአውቶቡሱ ወረደ፣ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች በሚቆዩበት ግቢ ገባ። እኔም መታገዴን የሰማሁት፣ ሻንጣውን ሊመልስልኝ ከመጣው ከአውቶቡሱ ረዳት ነው።

ስለ ታላቅ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ለእኔ ያልነገሩኝን ለኬላ ፖሊስ፣ የኬላ ፖሊስ ለረዳቱ፣ ረዳቱ ለእኔ ነገረኝ። ዞሮ ዞሮ ደርሶኛል።

አራተኛ። በማግስቱ እሑድ ሥራ ስገባ ዓብዱረዛቅ በር ላይ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። የእገዳ ደብዳቤ አሳየኝ ብዬ ብጠይቀውም አማርኛ ስለማያነብ አይረዳውም ነበር፤ ይህንንም አስቀድመው አስበውበታል፣ አርቆ ማሰብዎን አደንቃለሁ። በዘበኛው ቤት መስኮት ላይ፣ ከሠራተኛ ማኅደሬ የተነቀለ ጉርድ ፎቶግራፌ በፕላስተር ተለጥፏል። ከእኔ በላይ የአቶ ጎሳዬ ፎቶግራፍ አለ፤ ፀሐይ ስለመታው ፊቱ ነጥቷል፣ አሁን የሚለየው በመነጽሩ ብቻ ነው። ከእኔ በታች ባዶ ቦታ ተትቷል፣ ፕላስተሩም ተቆርጦ ተዘጋጅቷል። ዓብዱረዛቅ በዚያ ሁሉ መሀል ስለ ዙርባው ይቅርታ ጠየቀኝ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እርሱ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ፎቶግራፉ ከስድስት ዓመት በፊት የተነሣሁት ነው፤ ስስቅ ነው የሚያሳየው። ሌላ አጥተው ካልሆነ በቀር ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የሚስማማ አልመረጡልኝም።

አምስተኛ። ወይዘሮ ወርቅነሽ መድኃኒቱን በበረዶ በተሞላ ፔርሙዝ እያደረገች በአውቶቡስ ትልክልኛለች፣ እኔም ይዤ ወደዚያ ግቢ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ላይ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ተቀበለኝ፣ ባዶውን ፔርሙዝ መለሰልኝ፣ ክዳኑ ላይም አቶ ጎሳዬ በጥፍሩ የጫረው መስመር ነበር፤ ደርሶኛል ለማለት ነው ብዬ ገመትኩ። ሁለተኛም እንደዚያው ሆነ። ባለፈው ሳምንት ግን ፔርሙዙ ሳይከፈት ተመለሰ። በረዶው አልቀለጠም ነበር። ፖሊሱ ክፉ ሰው አይደለም፣ ዓይኑን ግን ከዓይኔ ያሸሽ ነበር፤ በአረብኛም በፈረንሳይኛም እየቀላቀለ የዚህ ስም ሰው አሁን እዚህ እንደሌለ፣ የት እንደሄደ እርሱ ሊናገር እንደማይችል፣ የሚያውቀው የራሴ ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ነገረኝ። ወርቅነሽ ማታ ማታ ትደውላለች። ድሬዳዋ አልደረሰም። ድንበር ላይ ያሉ ሰዎችም እንደርሱ ያለ ሰው አላለፈም ይላሉ። እኔ ስለ ሙቀቱ አወራላታለሁ።

ስለዚህ የራሴን ጽሕፈት ቤት ነው የምጠይቀው። አቶ ጎሳዬ የት ነው?

ስድስተኛ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን የምስጋና ጉዳይ ነው። ፔርሙዙ ሳይከፈት ከተመለሰበት ቀን ወዲህ አንዲት ነጭ መኪና ሞተሯን ሳታጠፋ ከቤቴ ፊት ለፊት ትቆማለች። ውስጧ ያሉት ሰዎች አይወርዱም፣ ከአከራዬ ጋር ግን ተነጋግረዋል፤ ካርዴ የሚያበቃበትን ቀን ጠይቀዋታል፣ እርሷም በፍርሃት እኔን መጥታ ጠየቀችኝ። በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ካልጻፈልኝ እንደማይታደስ፣ ፓስፖርቴም ከአቶ ጎሳዬ ፓስፖርት አጠገብ በእርስዎ ካቢኔት ውስጥ እንዳለ ለመኪናዋ ሰዎች መንገር አያስፈልገኝም። ደኅንነቴ ይህን ያህል ካሳሰብዎት ከመኪናዋ ይልቅ ፓስፖርቴን ቢልኩልኝ ነዳጁም ይቆጠብ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ቅሬታዬ እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ እርስዎ አያውቁትም ብዬ አይደለም፣ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጠረጴዛዎ ላይ በቆዳ ተለብዶ ተቀምጦ ሁላችንም አይተነዋል፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖም ያገለግላል። አዋጁ ኃላፊ ሠራተኛን አያግድም አይልም። ያግዳል ይላል። ጥፋቱ ሲመረመር ማስረጃ ያበላሻል ተብሎ የሚጠረጠርን፣ በመንግሥት ንብረት ላይ ሌላ ጥፋት ይጨምራል ተብሎ የሚፈራን፣ ጥፋቱ ከሥራ የሚያስወጣ ሆኖ የተገመተን ሰው ለጊዜው ከሥራው ገለል ማድረግ ይፈቅዳል። ነገር ግን እገዳው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲደርሰው ያዝዛል። ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይወስናል። ክሱ ተነግሮት፣ ቀርቦ መልስ ሰጥቶ፣ ማስረጃውን አይቶ፣ ቅር ካለውም ይግባኝ እንዲል ይፈቅድለታል። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ በመስኮቴ ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ሳስተናግድ ስለኖርኩ ይህ ሁሉ ለምን እንደተጻፈ ይገባኛል። ወረቀት የሌለው ሰው የት እንዳለ የሚጠየቅለት የለም፣ የወሰደውም ሰው አልወሰድኩም ማለት ይችላል።

እንግዲህ አንዲት ትንሽ ነገር ላይ እንስማማ። አቶ ጎሳዬ ከአውቶቡስ የወረደው የእኔ ፊርማ አይጸናም ተብሎ ነው። የእኔ ፊርማ የማይጸናው በፈረምኩበት ቀን ታግጄ ከነበረ ነው። ታግጄ ከነበርኩ ደብዳቤው ይኑር፣ ቀኑ ይታይ፣ ተቀብያለሁ ብዬ የፈረምኩበት ይቅረብ። ደብዳቤው ከሌለ፣ በሕጉ ፊት እኔ ያን ቀን በሥራዬ ላይ ነበርኩ፣ ማኅተሙም የመንግሥት ማኅተም ነበር፣ አቶ ጎሳዬም የጸና ወረቀት የያዘ ዜጋ ነው፤ ከአውቶቡስ ያወረደው የእርስዎ ስልክ እንጂ ሌላ አይደለም። ዛሬ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ የዛሬን ቀን ይይዛል፣ ያም አቶ ጎሳዬን ነጻ ያወጣዋል። ወደ ኋላ ቀን ቆጥረው ቢጽፉልኝ ደግሞ እነሆ ይህ ደብዳቤ ቀድሞዎት ወጥቷል፣ በባልባላም በካርቲዬ ሁለት ሰፈርም ያነበበው ሰው ብዙ ነው። የትኛውን እንደሚመርጡ አላውቅም። ለአንድ ፊርማ ይህን ያህል እንደሚጨነቁ ባውቅ ኖሮ ያን ቀን በደንብ አሳምሬ እፈርም ነበር።

የምለምንዎት ሦስት ነገር አይደለም፣ አንድ ነው። ሥራዬን ይመልሱልኝ አላልኩም፣ ፎቶግራፌንም ከመስኮቱ ላይ ያንሡልኝ አላልኩም። ፊርማዬ አይጸናም ባለው በዚያ አንደበትዎ፣ በዚያው ስልክ፣ ለዚያው ኬላ ደውለው ፊርማው የጸና ነው ይበሉ፤ ሰውየውንም ካለበት አምጥተው ለሚስቱ ያሳዩዋት። ካለ። ካለ ነው የምለው፤ መድኃኒቱም በአከራዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሥጋ ጋር ተቀምጦ እየጠበቀው ነው።

ስለ ራሴ የምጨምረው አንድ ቃል አለኝ፤ ይህም ለእርስዎ ሳይሆን ደብዳቤዬን ለሚያነቡ ወገኖቼ ነው። አንድ ቀን በሬ ተዘግቶ ብታገኙና አበሩ የት ሄደች ብላችሁ ስትጠይቁ «ዕረፍት ላይ ናት» ብትባሉ፣ እኔ በሥራ ዘመኔ ዕረፍት ጠይቄ አላውቅም። የዓመት ፈቃዴን እንኳ ስመልስ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ደግማችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ ሕግን በሻይ ብርጭቆ አስረው ለሚያስተዳድሩት፣ በዝምታ ለሚሾሙና በዝምታ ለሚሽሩ፣ የበታቾችዎን ፓስፖርት እንደ ልጅ በካቢኔት ለሚንከባከቡ፣ በፈረንሳይኛዎ ለሚያኮሩን ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጤናዎን ይጠብቁ ዘንድ፣ በተለይም በሐሙስ ቀን ይጠብቁ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

መታገዷን በጽሑፍ ለማወቅ የምትጠባበቀው፣
አበሩ ዋለልኝ
ሆዳን፣ ጅቡቲ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ድሬዳዋ
ለካርቲዬ ሁለት ምግብ ቤቶች ግድግዳ
ለዘበኛ ቤቱ መስኮት (ዓብዱረዛቅ የሚያነብለት ሰው አግኝቷል)
ከቤቴ ፊት ለቆመችው መኪና

ማስታወሻ። ይህን ደብዳቤ ልዘጋው ስል አንድ ወሬ ደረሰኝ፤ ማን እንደነገረኝ እንዳይጠይቁኝ እለምናለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከአዲስ አበባ ለመጡት እንግዶች የተዘጋጀው በርጫ እርስዎ ቤት ሳይሆን ምክትልዎ ቤት ነበር አሉ፤ ጫቱ ሲታደልም የእርስዎ ጠረጴዛ ታልፏል አሉ። ምናልባት ተረስቶ ይሆናል። እኔም ከእንከኔ የተነሣ መታለፌን ሳላስተውል ሳምንቱን ሙሉ ስሠራ ነበር። ምናልባት እርስዎም አሁን ይህን ሲያነቡ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ይሆናል፣ ሰዎቹም ሲገቡ ወሬያቸውን እያቋረጡ ይሆናል። እንግዲያው ምክር ልለግስዎት፦ የካቢኔቱ ቁልፍ ከእጅዎ ሳይወጣ በፊት ፓስፖርትዎን ያውጡ፣ የእኛንም አብረው ያውጡት። ዕረፍት ያድርጉ ካሉዎት በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሏቸው፤ አዋጁ ለእርስዎም ይሠራል፣ ብርጭቆውን አንሥተው ያንብቡት። ካቢኔቱ ቀድሞዎት ከተቆለፈ ግን ወደ ዜጎች መስኮት መምጣትዎ አይቀርም። ተሰለፉ ይባላሉ። ተራዎ ሲደርስ የሚያውቅዎት ሰው አለ ወይ ተብለው ይጠየቃሉ፣ እርስዎም ወደ ቢሮው ውስጥ ይመለከታሉ፣ ሁሉም ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ያገኟቸዋል። እኔ ብኖር ቀና ብዬ አውቃቸዋለሁ እል ነበር፣ በፈራሚም ቦታ ስሜን እጽፍልዎት ነበር። ነገር ግን፣ ለፖሊሶቹ እንደነገሯቸው፣ እኔ ታግጃለሁ።